ተዝካርሽን ክሪኬት ሜዳ ላይ አወጣነው

ውድ እማዬ፣

ከተለያየን ግማሽ ዓመት አለፈ። የሄድሽው ፍልሰታ ሊገባ ሲል ነበር፤ አሁን ዐቢይ ጾም ሊያዝ ነው፣ እኔም ገና ዛሬ ብዕር አነሳሁ። ረስቼሽ አይደለም። ልጽፍልሽ በተቀመጥኩ ቁጥር "ለጤናሽ እንዴት ነሽ" ብዬ እጀምርና እዚያው ላይ እቀራለሁ። ለሞተ ሰው እንዲህ አይባልም፤ እሱ ሳይባል ደግሞ ደብዳቤ መጀመር አላስተማርሽኝም። ስለዚህ ዛሬ ዘልዬው አልፋለሁ። እኔ ደህና ነኝ፣ ናፍቆትሽን ግን አልቻልኩትም።

መንደራችን ፓይን ሌክ እንደተውሻት ናት። ከሐይቁ የሚወጡት ዳክዬዎች ዛሬም ጠዋት ጠዋት በራፋችን ላይ ይሰለፋሉ። "ዳቦ አትስጡ" የሚለውን ሰሌዳ በመንደሩ እንዳላየሽ ሆነሽ የምታልፊው አንቺ ብቻ ነበርሽ፤ ከኔ ምንም እንደማያገኙ እስካሁን አልገባቸውም። የልብስ ስፌት መኪናሽን ለእትዬ አስካለ ሰጠኋት፤ ማኅበርተኛሽ ናት፣ ከኔ ይልቅ እሷ ትሠራበታለች። የሰናፍጭ ፍሬ ዘይት ውስጥ ሲንጣጣ የሚሸተው ሽታ ከቤቱ ጠፍቷል። ያንቺን ድንች እኔ ስሠራው የሆስፒታል ምግብ ይመስላል። መኪናሽን አሁን እኔ ነኝ የምነዳው፤ ከኋላ የጫንሻቸውን የክሪኬት ባቶች ግን አላወረድኳቸውም። ለምን እንዳላወረድኳቸው ነው ዛሬ የምነግርሽ።

በመጀመሪያ ከቀብርሽ ቀን ልጀምር፣ ያ ነገር እስካሁን ያናድደኛልና። የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ መኮንን የሕይወት ታሪክሽን ሊያነቡ ቆሙ። ድምፃቸው ያማረ ነው፣ እንባቸውም የእውነት ነበር። "እትዬ ሱማን በተወለዱባት በህንድ አገር፣ በወጣትነታቸው ዘመን፣ ለብሔራዊ ቡድን የገና ጨዋታ ተጫውተዋል" ብለው አነበቡ። ገና ነው ያሉት። ከመቀመጫዬ ልነሳ ስል እትዬ አስካለ ጉልበቴን ይዛ አስቀመጠችኝ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ጥፋቱ ያንቺም ነው። ሰው በጠየቀሽ ቁጥር ማስረዳቱ ሲሰለችሽ "እንደ ገና ያለ ጨዋታ ነው" ብለሽ ትገላገዪ ነበር። ይኸው፣ ዕድሜሽን ሙሉ ከኛ ጋር ኖረሽ የገና ተጫዋች ሆነሽ ተቀበርሽ።

እኔ ግን ታሪኩን አውቀዋለሁ። የሰማሁት ካንቺው አፍ ነው፣ ሽንኩርት እየከተፍሽ።

ኢንዶር በምትባል ከተማ የባቡር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ልጅ ነበርሽ። ከወንድሞችሽ ጋር በጠባቡ ቅያስ ስትጫወቱ ባታችሁ እናትሽ ልብስ የምትወቃበት እንጨት ነበር። የሁሉም ታናሽ ስለነበርሽ የመምታት ተራ አይደርስሽም፤ ከኋላ ሆኖ ያመለጠውን ኳስ መልቀም ነበር ዕጣሽ። ኳሷ አምልጣ ጎረቤት ቤት ከገባች ደግሞ ስድቡን የምትቀበዪው አንቺ ነሽ። ስድቡ ሲመርሽ እንዳታመልጥሽ ለመድሽ። በዚሁ ዊኬት ጠባቂ ሆንሽ፤ ከሦስቱ እንጨቶች ጀርባ ቁጢጥ ብላ፣ መቺዋ የሳተችውን ኳስ ሁሉ የምትይዝ።

ዘመኑ የሴቶች ክሪኬት በህንድ ገና በእግሩ ያልቆመበት ነበር። ደመወዝ የለ፣ ሆቴል የለ። በባቡር ስትሄዱ መቀመጫ ስለማይያዝላችሁ ፍራሽሽን ጠቅልለሽ እሱ ላይ ትቀመጪ ነበር። ማደሪያችሁ የትምህርት ቤት ወለል ነው። ለቡድኑ ያለው የጠባቂ ጓንት አንድ ብቻ፣ እሱም የወንድ፤ ጣቶቹ እንዳይላወሱብሽ ጥጥ ትወትፊበታለሽ። ተመልካቹ በቀሚስ የሚሮጡ ሴቶችን አይቶ ሊስቅ ይመጣል። እስከ ሻይ ዕረፍት ስቆ ስቆ፣ ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ ማየት ይጀምራል ብለሽኛል።

ለአገርሽ የተሰለፍሽው ከባሕር ማዶ ቡድን በመጣ ጊዜ ነው። የእንግዶቹ አምበል ኳሷን ልትመታ ከመስመሯ ወጥታ ሳተቻት፤ አንቺ ይዘሽ፣ እግሯ ሳይመለስ እንጨቱን ነካሽውና ከጨዋታ አስወጣሻት። ከሜዳ ስትወጣ ዞር ብላ አየችሽ። እዚህ ላይ ስትደርሺ ሽንኩርቱን ትተሽ እንዴት እንዳየችሽ ታሳዪኝ ነበር፣ ቢላዋውን እንደያዝሽ። እኔ ልጅ ሆኜ ያቺን ሴትዮ እፈራት ነበር።

በዚያ ሰፊ ጓንት ምክንያት የቀኝ እጅሽ ሁለት ጣቶች ተሰብረው ጠመሙ። ወደ ውጭ ልትሄዱበት የነበረው ጉዞ ተሰረዘ። አባትሽ ባል ፈለጉልሽ፤ ሊያዩሽ የመጡት ሰዎች ሻይ ስትቀጂላቸው ጣቶችሽን አይተው "ጨዋታው ካልቀረ ጋብቻው ይቅር" አሉ። አንቺም ኢትዮጵያ አስተማሪ እንደምትፈልግ ስትሰሚ አገሪቱ የት እንዳለች እንኳ ካርታ ላይ ሳታዪ ተመዘገብሽ። ደብረ ማርቆስ ሒሳብ ልታስተምሪ መጣሽ። እዚያ ጣቶችሽን ያየ ሁሉ "ውይ፣ ምን ሆንሽ" እያለ ሲያዝንልሽ፣ የጂኦግራፊው አስተማሪ ብቻ "ስንቱን ኳስ ያዝሽበት?" ብሎ ጠየቀሽ። አባዬን ለምን እንዳገባሽው ስጠይቅሽ የምትሰጪኝ መልስ ይኸው ነበር።

ጥቂት ጨዋታ ተጫውቶ ያለቀ ሙያ፣ ሙያ ይባላል ወይ? ይህን ነገር ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። አንቺ ስታወሪው ተቆጭተሽ አታውቂም፤ የምቆጨው እኔ ነበርኩ። ባንቺ ፈንታ በማላውቃቸው ሰዎች እናደድ ነበር። አሁን ግን ይባላል እላለሁ። የምለውም ባየሁት ነገር ነው።

ልጆቹን እንዴት እንዳገኘሻቸው ታስታውሻለሽ። ከደብረ ማርቆስ ወደዚህ አገር ከመጣን፣ አባዬም ከሞተ በኋላ ነው። ክላርክስተን ውስጥ ከገበያ ስትመለሺ የአፓርታማ መኪና ማቆሚያ ላይ ሴቶች ልጆች በቴኒስ ኳስ ክሪኬት ሲጫወቱ አየሽ፤ የአፍጋኒስታን ልጆች ናቸው፣ የኔፓልም አሉባቸው። ሄደሽ አላመሰገንሻቸውም። አያያዛችሁ ልክ አይደለም ብለሽ ተቆጣሻቸው። ቁጣሽን ወደዱት መሰለኝ፣ በሳምንቱ እናቶቻቸው ምግብ ላኩልሽ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜሽ የነሱ ሆነ። እኔ ደንዉዲ ያለው ፋርማሲ ቅዳሜ ቅዳሜ ስለሚያሠራኝ ስታሠለጥኛቸው አንድም ቀን አላየሁም። ማታ ጭቃ በጭቃ ሆነሽ ስትገቢ ግን ዕድሜሽ በግማሽ ቀንሶ ይታየኝ ነበር።

እንግዲህ አንቺ ባረፍሽ በጥቂት ሳምንት የቡድኑ አምበል ዘህራ ደወለችልኝ። ቀብርሽ ላይ ከጎኔ ቆማ ያለቀሰችው፣ ቀጭኗ ልጅ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሊግ ውስጥ ገብተን ነበር አለችኝ፤ የመጀመሪያው ጨዋታ ቅዳሜ ነው፣ ኃላፊ የሚሆን ትልቅ ሰው ካልመጣ ግን ቡድኑ ይሰረዛል፣ ሜዳውንም ሌሎች ይወስዱታል። አባቶቻቸው ቅዳሜ መጋዘንና ዶሮ ፋብሪካ ናቸው። እናቶቻቸው አይነዱም። "አንቲ፣ ማን ይመጣል?" አለችኝ። ቀኑን ሳየው አርባሽ ነው።

ምን ልበልሽ፣ እማዬ። አንድ ልጅ ብቻ ነው የወለድሽው። ያቺ አንድ ልጅ ደግሞ በእናቷ ተዝካር ቀን ለቀስተኛ ጥላ ክሪኬት ሜዳ ሄደች መባልን መሸከም ነበረባት። ካልሄድኩ ደግሞ ከሞትሽ ወዲህ በዚህ ምድር ላይ የቀረሽ ሥራ በአርባኛ ቀንሽ ሊፈርስ ነው። ቀኑን እንድንቀይረው ጋሽ መኮንንን ለመንኳቸው። "ልጄ፣ ተዝካር እኮ ፒክኒክ አይደለም" አሉኝ። "ሆሉን ሪዘርቭ አድርገናል። ከዚያ ወዲያ ደግሞ መስቀል ነው። ሰንጋውንም ከፋርሙ ኮንፈርም አድርጌዋለሁ።"

ሰንጋ ሲሉ ነው ደሜ የፈላው። ለማን ነው ሰንጋው አልኳቸው። ሥጋ ቀምሳ ለማታውቅ ሴት ሰንጋ ይታረዳል? ደብረ ማርቆስ ሳለን ሥጋ አለመብላትሽን ያየው ጎረቤት ዓመቱን ሙሉ የምትጾሚ ጻድቅ መስለሽው፣ ፈተና ሲደርስበት ጸልዪልኝ ይልሽ ነበር። አንቺ ግን እናትሽ ቤት ያደግሽበትን ነበር የምትበዪው፤ ክርስትና ተነስተሽ ወለተ ሥላሴ ከተባልሽ በኋላም አልተውሽውም። ደግሞስ፣ አልኳቸው፣ ያሳደገቻቸው ልጆች ሊመጡ ቢፈልጉ ምን ሊበሉ ነው? ሙስሊሞቹ እኛ ያረድነውን አይበሉም፣ የኔፓሎቹ የከብት ሥጋ ጭራሽ አይነኩም።

ጋሽ መኮንን ወሎ ተወልደው ያደጉ ሰው ናቸው። ድግስ ሲደገስ የሙስሊም ጎረቤትን ማዕድ ለይቶ ማሰናዳትን ከእናታቸው ጓዳ ያዩ ናቸው። ይህን ስላቸው ቁጣቸው ከየት መጣ ሳይባል በረደ። ጥቂት አሰቡና "እንግዲያው ሰንጋው ይቅር። የጾም ይሁን፣ ሁሉም ይብላው" አሉ። የቦታውን ነገር ደግሞ ቄሳችን አባ ጨረሱልን። "ጸሎቱን በማለዳ እዚህ እናደርሳለን፤ ዝክሯን የትም ብትበሉት እግዚአብሔር ያየዋል" አሉ። ደፋ ቀና ብለን በሁለት ቀን ውስጥ ምስሩም ጎመኑም ሽሮውም በትሪ በትሪ ሆኖ መኪና ላይ ተጫነ።

ብታዪን ትስቂ ነበር። ከቅዳሴ ቀጥታ የመጣን፣ ጥቁር የለበስን፣ ነጠላ ያዘቀዘቅን ሴቶች ሜዳው ዳር ተደርድረን ተቀመጥን። ተጋጣሚዎቹ ከሮዝዌል የመጡ፣ ልብሳቸው አንድ ዓይነት የሆነ፣ ሁለት አሠልጣኝ ያላቸው ነበሩ። የኛዎቹ ልብስ እንኳ አይመሳሰልም፤ ግማሾቹ ረጅም ቀሚስ ከሱሪ ላይ ደርበዋል። ለክብርሽ ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አስረዋል። እኔ የዳኛውን ምልክት ከጸሎት መለየት አቅቶኝ እሳቸው እጃቸውን በዘረጉ ቁጥር ልነሳ እል ነበር።

ከዚያ የኛዎቹ የመምታት ተራ ደረሰ። ዘህራና አንዲት የኔፓል ልጅ ባት ይዘው ገቡ። እንደምታውቂው ሁለቱ መቺዎች ቦታ ለመቀያየር መሮጥ አለባቸው፣ ሁለቱም ካልተስማሙ አንዷ ከጨዋታ ትወጣለች፤ ስለዚህ ይጠራራሉ። ዘህራ ኳሷን መታችና ጮኸች። "ነይ!"

ጆሮዬን አላመንኩትም። ቀጥሎ ያቺ የኔፓል ልጅ "ቆይ!" አለች። ትንሽ ቆይቶ ዘህራ "ተመለሺ፣ ተመለሺ!" ለካ ተጋጣሚ እንዳይሰማባቸው በአማርኛ መጠራራት አስተምረሻቸው ኖሯል። ሜዳው ላይ ካሉት ልጆች ውስጥ አንዲትም አማርኛ የምታውቅ የለችም፤ እነዚህን ሦስት ቃላት ግን እንደ ስማቸው ያውቋቸዋል። "ቆይ" ሲሉ ደግሞ አንቺ እስክትሞቺ እንደምትዪው የ"ቀ"ን ድምፅ ላላ አድርገው ነው የሚሉት። እማዬ፣ ቀብርሽ ላይ እንደዚያ አላለቀስኩም። እትዬ አስካለ ከጎኔ "ሱማን ናት፣ ሱማን ናት" እያለች ደረቷን ትመታለች፤ ማኅበርተኞችሽ ሁሉ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገዋል።

ችግሩ ሴቶቹ በማልቀስ ብቻ አለመወሰናቸው ነው። ቋንቋው የገባቸው ጊዜ ጨዋታውም የገባቸው መሰላቸው። ዝምታ ወርቅ ነው የሚለውን ማን ያስታውሳቸው። በነጥብ ልንደርስባቸው ጥቂት ሲቀረን ዘህራ ኳሷን ወደ ጎን መታች። የኔፓሏ ልጅ ከወዲያ ጫፍ "ቆይ!" አለች። በዚያችው ቅጽበት እትዬ አስካለ ብድግ ብላ "ነይ! ነይ እናቴ!" ስትል ሌሎቹም ተከተሏት። ዘህራ ባንቺ ቋንቋ ከተጠራች መቼ ታመነታለች፣ ሮጠች። ጓደኛዋ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ሁለቱ አንድ ጫፍ ላይ ተገናኝተው ሲተያዩ፣ ተጋጣሚዎቹ በባዶው ጫፍ ያለውን እንጨት በኳሷ ጣሉት። ዘህራ ወጣች፣ ከዚያ በኋላም ብዙ አልቆየንም፣ ተሸነፍን።

እንጨቱ ሲወድቅ ሴቶቹ መጀመሪያ ያሸነፍን መስሏቸው እልል ብለው ነበር። ጋሽ መኮንን ናቸው ቀድመው ነገሩ የገባቸው። "ዝም በሉ፣ ልጅቷን አስወጣችኋት" አሉና ወደኔ ዘንበል ብለው ደግሞ "ይሄ እኮ ገና አይደለም" አሉኝ በቀስታ። አይደለም አልኳቸው።

እትዬ አስካለ ያደረገችውን ስትረዳ ፊቷ ልክ እንደቀብርሽ ቀን ሆነ። ጨዋታው ሲያልቅ ባቷን እየጎተተች ወደ ነበረችው ዘህራ ሄዳ እጇን ያዘቻት። "በሞቴ፣ ይቅር በይኝ ልጄ፣ እኔ ምን አውቄ" አለቻት። ሴትየዋ እንግሊዝኛ የላትም፣ ልጅቷ አማርኛ የላትም። ዘህራ ቀና ብላ አየቻት። ምን እንደተባለች አላወቀችም፤ እንባዋን ግን አየች። ካሏት ሦስት ቃላት ውስጥ ፈልጋ አንዷን አወጣች። "ነይ" አለቻት። እጇን ይዛም ልጆቹ ምግብ ከበው ወደተቀመጡበት ወሰደቻት። እትዬ አስካለ ሣሩ ላይ እነሱ መሃል ተቀምጣ ለእያንዳንዳቸው አጎረሰቻቸው። አጎራረሱን አልለመዱትም፣ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቁ ነበር።

ሊጉን የሚመሩት ጃማይካዊ ሽማግሌ ሰሃናቸውን ይዘው ወደኔ መጡ። ምግቡን አመሰገኑ፣ ስላንቺም አዘኑልኝ። ከዚያ የመጡበትን ጠየቁኝ፤ ከእንግዲህ የነዚህ ልጆች ኃላፊ ማን ነው? ዘህራ ከሩቅ መብላቷን አቁማ ታየኛለች። እኔ ነኝ አልኳቸው። ክሪኬት ታውቂያለሽ ወይ አሉኝ። አላውቅም፣ የዊኬት ጠባቂዋ ልጅ ነኝ አልኩ። ሰሃናቸውን መሬት አስቀምጠው ጨበጡኝ። ሜዳው የልጆቹ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ ልንገርሽ። ፋርማሲውን አስቸግሬ ቅዳሜዬን አስለቅቄያለሁ። በመከር ከተጫወትነው አንዱን ብቻ አሸንፈናል፤ እሱንም በዕድል ነው ይላሉ፣ እኔ አላምንም። ማኅበርተኞችሽ ሳይቀሩ ይመጣሉ፤ ኳስ በተመታ ቁጥር አፋቸውን በነጠላ ግጥም አድርገው ይይዛሉ። ልጆቹ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ቃላቱ የህንድ ይመስሏቸው ነበር። አንቺ አልነገርሻቸውም፤ እኔም ስነግራቸው ማመን አቃታቸው። ልምምዱ በዚህ ሳምንት እንደገና ይጀመራል።

እማዬ፣ አልረሳሽም ማለት ለኔ ቀላል ነው፤ እናቴ ነሽ፣ ልርሳሽ ብልስ እንዴት አድርጌ። ቃል የምገባልሽ ሌላ ነገር ነው። እነዚህ ልጆች ሲያድጉ ማን እንዳስተማራቸው በትክክል እንዲያውቁ አደርጋለሁ፤ ከኢንዶር የመጣሽ፣ ለአገርሽ የተሰለፍሽ፣ ሱማን የምትባዪ ዊኬት ጠባቂ እንደነበርሽ። እነሱ ደግሞ ለሌሎች ይነግሩልሻል።

ባቶቹን ያላወረድኳቸው ለዚህ ነው። ቅዳሜ ማለዳ ሜዳው ላይ ነኝ። ዝናብ ከጣለ ክሪኬት እንደማይኖር ዘህራ ነግራኛለች፤ እኔ ግን እመጣለሁ።

ልጅሽ
ርብቃ